ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው ዛፍ

የጓሮ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ የዛፍ ወገን ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በሜላሌውካ። ስሙ እንግዳ ሊመስል ይችላል እንጂ ዘመዱን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። በየግቢው በር ላይ ቀይ አበባው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ዙሪያውን ቆሞ የሚታየው ቦትል ብረሽ የዚሁ ወገን ነው። ባሕር ዛፍም፣ ዘይቱንም፣ ቅርንፉድም የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። ጥያቄዎቹን ያሳጠርናቸው እኛ ነን።

ከካዛንቺስ፦ የተከራየነው ግቢ ውስጥ ከቤቱ ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ግንዱ እንደ አሮጌ ደብተር ገጽ በገጽ ይላጣል። ልጆቹ እየቀደዱ ይጽፉበታል። ጎረቤቶቻችን «ታሟል፤ ኖራ ቀቡት፤ ካልዳነ ቁረጡት» ይሉናል። ምን ይሻላል?

ዛፉ አልታመመም። ኖራውንም መጋዙንም ይተዉት።

መጀመሪያ ማንነቱን ያረጋግጡ። አንድ ቅጠል ቆርጠው ወደ ብርሃን ያዙት። ከእጀታው ተነሥተው እስከ ጫፉ ጎን ለጎን የሚሄዱ 5 ያህል ጅማቶች ካዩ (አንዳንዴ 3፣ አንዳንዴ 7 ይሆናሉ)፣ ቅጠሉም ጠንከር ያለና ከ5 እስከ 9 ሳ.ሜ. የሚረዝም ከሆነ፣ ሜላሌውካ ኩዊንኩዊነርቪያ የሚባለው ነው። ስሙ ራሱ በላቲን «ባለ አምስት ጅማት» ማለት ነው። አበባው ነጭ ወይም የቅቤ መልክ ያለው ብሩሽ ነው። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነና ከ4 ሳ.ሜ. ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ወንድሙ ሜላሌውካ ሊናሪፎሊያ ሳይሆን አይቀርም። የሁለቱም ቅጠል በጣት ሲታሽ ባሕር ዛፍን የሚያስታውስ ሽታ ይሰጣል፤ የሁለቱም ቅርፊት ይላጣል።

ቅርፊቱ የሚላጠው ዛፉ ስለሚወፍር ነው። ሌላው ዛፍ አሮጌ ቅርፊቱን እየሰነጠቀ ይጥላል፤ ይኼኛው ግን አይጥልም፣ ስስ የቡሽ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ያቆየዋል። ግንዱ ሲሰፋ ውጪኛው ንጣፍ አይበቃውምና ይቀደዳል። የተንጠለጠለውን አንድ ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ቢስቡት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት ይመጣል፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ አለ። በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል። ያ ድርብርብ ለዛፉ ከእሳትና ከድርቅ መከላከያው ነው።

ልጆቹ ራሱ ተፈልቅቆ የተንጠለጠለውን ቢወስዱ ጉዳት የለውም። ክልክሉ በቢላ እየፈለፈሉ እርጥቡ የውስጥ ክፍል ድረስ መድረስ ነው። ዛፉ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ ምግብ የሚያወርደው በዚያ እርጥብ ክፍል ስለሆነ፣ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከተላጠ ሥሩ ተርቦ ዛፉ ይሞታል። የልብስ ማስጫ ሽቦም እንዲሁ ነው። ለስላሳው ቅርፊት ሽቦውን ውጦ ይደብቀዋል፤ ከ3 ወይም 4 ዓመት በኋላ ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ አብጦ፣ ከታች ያለው ቀጥኖ ይታያል። አሁን ሽቦ ካለበት ይፍቱት። የግድ ማሰር ካለብዎ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ጨርቅ ወይም የመኪና ቀበቶ ይጠቀሙና በዓመት አንዴ ያላሉት።

ኖራው ዝናብ ባጠበው ቁጥር ወደ ሥሩ ይወርዳል። ያ ምን እንደሚያመጣ ከቀበና የተላከውን ጥያቄ ስንመልስ ያገኙታል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ያ ወረቀት ሲደርቅ እንደ ጭራሮ ይቀጣጠላል፤ ቅጠሉም ዘይት አለው። የከሰል ምድጃ ከግንዱ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ዛፉ ራሱ ከእሳት ተርፎ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ የማዕድ ቤቱ ጣሪያ ግን አያቆጠቁጥም።

ከአራት ኪሎ፦ የግቢያችን አንድ ጥግ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ሁለት ጊዜ አቮካዶ ተክለን ሁለቱም ሥራቸው በስብሶ ሞቱ። «ሜላሌውካ ይችለዋል» ተባልን። መቼ፣ እንዴት፣ ከቤቱስ ምን ያህል ርቀን እንትከል?

የነገሯችሁ እውነት ነው። በትውልድ አገሩ፣ በምሥራቅ አውስትራሊያ ጠረፍና በኒው ካሌዶኒያ፣ ረግረግ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ነው። አቮካዶ ሥሩ ጥቂት ቀን ውሃ ውስጥ ከዋለ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ሜላሌውካ ግን ውሃ ሲተኛበት ከግንዱ ግርጌ አዳዲስ ሥር አውጥቶ መተንፈሱን ይቀጥላል።

እኛን የሚያሳስበን ከዛፉ ይልቅ ቤቱ ነው። ውሃ የሚተኛበት አፈር ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ውሃ የለመደ ዛፍ በበጋ ከዚያው አፈር እርጥበት ሲስብ ስንጥቁ ይብሳል፤ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤትም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ከቤት ግድግዳ ከ8 ሜትር በታች አትትከሉት። ከሴፕቲክ ታንክና ከውሃ ቧንቧ 6 ሜትር፣ ከአጥር ግንብ 4 ሜትር ይራቅ። ከመብራት ሽቦ ሥርማ ፈጽሞ አይተከልም፤ በጓሮ ውስጥ ከ8 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው። ግቢያችሁ ይህን ርቀት ካልፈቀደ ቀዩ ቦትል ብረሽ ይበቃችኋል፤ 3 ሜትር ከግድግዳ ርቆ ቢተከል አያስቸግርም፣ እርጥብ ቦታንም በመጠኑ ይችላል።

ችግኝ ስትገዙ ረጅሙን አትምረጡ። ሰው የሚያህለው ችግኝ በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ ስለቆየ ሥሩ እንደ ክር ኳስ ተጠምዝዟል። ከ30 እስከ 50 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው፣ ግንዱ እርሳስ የሚያህልና ያለ ድጋፍ የሚቆም ይበልጣል። የፕላስቲኩን ታች እዩት፤ ወፍራም ሥር በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ነክሶ ከነበረ ሲነቀል ተበጥሷልና ተዉት።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ አስቆፍሩ፦ ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሳ.ሜ.። የላዩን አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን አስቀምጡ። በዋልካ ላይ ዶማና አካፋ የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ሸክላ ድስት ይለስነዋል፤ ሥር ያንን አልፎ መውጣት ስለሚቸግረው ጎን ጎኑን በሹል ነገር ጫሩት። ተከላው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ 20 ባለው ጊዜ ይሁን። ከዚያ ከዘገየ ሥሩ ሳይዝ በጋ ይገባበታል።

ለመሙያ የወጣውን አፈር ራሱን ተጠቀሙ፤ ከሦስት እጅ አፈር ጋር አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት መደባለቅ ይበቃል። ጉድጓዱን በፍግ መሙላት ደግነት ይመስላል፤ ሥሩ ግን ለምለሙን ትቶ ወደ ዋልካው አልወጣም ብሎ እዚያው ይዞራል። ያልበሰለ ፍግ ደግሞ ያቃጥለዋል። ዳፕም ሆነ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ አይጨመር። ይህ ወገን ፎስፈረስ ባነሰበት አፈር ያደገ ስለሆነ ብዙ ፎስፈረስ አያስፈልገውም።

ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡ። ይህን የምንጽፈው የማያውቅ ስላለ ሳይሆን፣ እያወቀ «አፈሩ እንዳይፈርስ» ብሎ ከነፕላስቲኩ የሚተክል ስለማይጠፋ ነው። የሥሩ አንገት ከመሬቱ 3 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አፈሩ ሲረግብ ይስተካከላል። ዙሪያውን በእግር ጫና ቀስ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ፤ በጭቃ ሰዓት ግን አትርገጡ፣ ድንጋይ ይሆናል። ከላይ 7 ሳ.ሜ. ያህል ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ለበዓል የሚታሰር በግ ካለ ዙሪያው ይታጠር፤ በግ ሽታውን ባይወደውም ቀንበጡን ቀምሶ ነው የሚተፋው።

የመጀመሪያው በጋ ወሳኝ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስጡት። በየቀኑ አንድ ጣሳ ማፍሰስ ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል። የጀሪካኑን ታች በምስማር ብስታችሁ ከግንዱ 30 ሳ.ሜ. ላይ ብታስቀምጡት ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ ዋልካ በችኮላ የፈሰሰ ውሃ አይጠጣም። በሁለተኛው በጋ በ15 ቀን ሁለት ጀሪካን ይበቃዋል። በሦስተኛው ራሱን ይችላል።

ከቀበና፦ የተከልነው ሁለት ዓመት ሆኖታል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አመድ ጨመርንበት፣ ባሰበት።

የባሰበት በአመዱ ምክንያት ነው።

ቢጫነቱ ከየት እንደጀመረ ማየት ግማሽ መልስ ነው። አሮጌው፣ የታችኛው ቅጠል በሙሉ ቢጫ ቢሆን ናይትሮጅን አንሶታል እንል ነበር። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት አጥቷል። አፈሩ ውስጥ ብረት የለም ማለት አይደለም፤ የአዲስ አበባ ቀይ አፈር ቅላቱን ያገኘው ከብረት ነው። ነገር ግን አፈሩ ኖራማ ሲሆን ብረቱ ስለማይሟሟ ሥሩ ሊጠጣው አይችልም። በመሀል ከተማ ግቢዎች ደግሞ ኖራው የሚመጣው ከግንባታ ነው። ቤት ሲታደስ የተረፈው ሲሚንቶ፣ የፈረሰ ልስንና የብሎኬት ስብርባሪ በአፈር ተሸፍኖ አትክልት ቦታ ይባላል። አመድም እንደ ኖራው ነው፤ ለጎመን መደብ ሊጠቅም ይችላል፣ ለሜላሌውካ ግን በሽታውን መጨመር ነው።

ለማረጋገጥ ከ20 ሳ.ሜ. ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥታችሁ አድርቁና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላና አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት።

ሕክምናው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ አመዱን አቁሙ፤ በላይ ያለውን ጥረጉ። ከግንዱ 50 ሳ.ሜ. ርቃችሁ በየቦታው ጫር ጫር አድርጉና ያገኛችሁትን የሲሚንቶ ስብርባሪ ልቀሙ። ወፍራም ሥር ካጋጠማችሁ አትቁረጡ። ሁለተኛ፣ ለአሁኑ እንዲያገግም በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም ፌረስ ሰልፌት (የብረት ጨው) አሟሙታችሁ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ፣ አመሻሽ ላይ ቅጠሉን እርጩ። መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩና 3 ቀን ጠብቁ። ፀሐይ ላይ ከተረጨ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይይዛል፤ ግድግዳና ሲሚንቶ ላይ ከነካ የማይለቅ የዝገት ቀለም ይተዋል። በየ15 ቀኑ 3 ጊዜ ይበቃል። በእርሻ ዕቃ መሸጫ ቼሌትድ አይረን (ሥሩ እንዲጠጣው ተደርጎ የተዘጋጀ ብረት) ካገኛችሁ መለያውን አንብቡ፦ ኢዲዲኤችኤ የተባለው በኖራማ አፈር ላይ ይሠራል፤ ኢዲቲኤ የተባለው ግን እዚያ ቶሎ ይከሽፋል። ሦስተኛ፣ ለዘለቄታው በካሬ ሜትር ከ50 ግራም ያልበለጠ የድኝ ዱቄት በክረምት መግቢያ ላይ በትናችሁ ከላይ በበሰለ ኮምፖስት ሸፍኑት። ድኝ የሚሠራው በአፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ስለሆነ ወራት ይፈጃል። ቢጫ የነበረው ቅጠል ሁሉ አይመለስም፤ የሚታየው ቀጥሎ በሚወጣው ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ ከዛፉ ላይ ፍሬውን ለቅመን፣ ዘሩን አውጥተን ዘራን። ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ መጀመሪያ አልበቀለም፣ ሁለተኛው በቅሎ በአንድ ሌሊት ወደቀ።

የመጀመሪያው ምናልባት ዘሩ ስላልበሰለ ወይም ስለተቀበረ ነው። ሁለተኛው ሻጋታ ነው፤ ግንዱ አፈሩን የነካበት ቦታ ውሃ መስሎ ቀጥኖ ካያችሁት ይኸው ነው።

ፍሬው ቅርንጫፉን አቅፎ የሚቀመጥ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ትንሽ ኩባያ ነው። አበባው ከረገፈበት ቦታ ላይ ያለው አረንጓዴ ፍሬ የዘንድሮ ነው፣ አልደረሰም። ከእርሱ ወደ ግንዱ ወረድ ብላችሁ ግራጫ የሆነውን፣ ቢያንስ ዓመት የሞላውን ልቀሙ። ዛፉ ፍሬውን ሳይከፍት ለዓመታት ይዞ ስለሚቆይ ሁልጊዜ ይገኛል። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ በፌስታል ግን አይሆንም፣ ያልበዋል። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ኩባያው ይከፈትና እንደ ሱረት የደቀቀ ነገር ይረግፋል። የዚያ አብዛኛው ገለባ ነው፤ ስለዚህ ቆጥባችሁ አትዝሩ።

ለመዝሪያ ሁለት እጅ የታጠበ አሸዋና አንድ እጅ በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት ቀላቅሉ። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ ሁለተኛውን ችግር የሚከላከለው ይህ ነው። ታቹ የተበሳሳ ዝቅተኛ ዕቃ ውስጥ 6 ሳ.ሜ. ያህል ሙሉና ላዩን አስተካክሉ። ዘሩን ከአንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በላዩ በትኑት፤ አፈር አታልብሱት፣ ብርሃን ይፈልጋል። ከላይ ውሃ አይፈሰስበትም። ዕቃውን 2 ሳ.ሜ. ውሃ ባለበት ትሪ ላይ አስቀምጡት፣ ከታች ይጠጣ። ለሌላ ዘር እንዲህ ማድረግ ማበስበስ ነው፤ የረግረግ ዘር ግን ይወደዋል። ላዩን በመስታወት ሸፍናችሁ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ አድርጉት።

ከ10 እስከ 21 ቀን ይበቅላል። አረንጓዴ እንደታየ መስታወቱን በየቀኑ ጥቂት እየከፈታችሁ በሳምንት ውስጥ ጨርሳችሁ አንሡ፤ ከትሪውም ውሃውን ቀንሱ። ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ በጥርስ መጎርጎሪያ እየነቀላችሁ፣ በቅጠሉ ይዛችሁ እንጂ በግንዱ ሳይሆን፣ ወደ ፕላስቲክ ቱቦ አዛውሩት። መስከረም አጋማሽ ላይ ከተዘራ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። ቀይ ቦትል ብረሽን ግን የእናቱን መልክ እንዲይዝ ከፈለጋችሁ በዘር አትድከሙ፤ ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲለቀቅ የሚመለስ 10 ሳ.ሜ. ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ቅጠል አራግፉና እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክታችሁ በጥላ አቆዩት። ሥር ለመስደድ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይወስድበታል።

ከፒያሳ፦ ቦትል ብረሻችን 6 ዓመት ሆኖታል። በየዓመቱ ለገና አሳምረን እንከረክመዋለን። አያብብም።

አበባውን ነው የምትከረክሙት። የዚህን ዛፍ አበባ ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ብሩሹ የቅርንጫፉ ጫፍ ይመስላል እንጂ ጫፉ አይደለም። አበባው ሳይረግፍ ከመሐሉ አዲስ ቀንበጥ ይወጣና ቅርንጫፉ ይቀጥላል። የሚመጣው አበባ የሚቀመጠው በዚያ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። እንግዲህ አብቦ በጨረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከረገፈው ብሩሽ ጥቂት ሳ.ሜ. ዝቅ ብላችሁ፣ ቅጠል ያለበት ላይ ቁረጡ። ከዚያ በኋላ መቀሱ ይቀመጥ። ዘንድሮ አትንኩት፤ ሲያብብ ጊዜውን ጻፉና ከርሱ ተነሡ። በቀን ከ6 ሰዓት በታች ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ግን አለመቁረጥም አይረዳውም።

ያረጀና ውስጡ የተራቆተ ከሆነ በአንድ ጊዜ ወደ ጉቶ አትመልሱት። በየዓመቱ ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጠ ብቻ ቁረጡ።

ከለገሃር፦ ቅጠሉና ግንዱ ጥላሸት የተቀባ መስሏል፤ ጉንዳንም አይጠፋበትም።

ጥላሸቱ ሻጋታ ነው፤ የሚኖረውም ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ፈሳሹን የሚያወጡት በቀንበጡ ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ተጣብቀው የማይንቀሳቀሱ መጣጭ ተባዮች ናቸው፤ ጉንዳኑም የሚጠብቃቸው ለዚሁ ነው። በጥፍር ቢፍቋቸው ይነሣሉ። ከ1 ሊትር ውሃ ጋር 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ደባልቀው ጠዋት በማለዳ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር አርሰው ይርጩ፤ በ7 ቀን ልዩነት 3 ጊዜ። የዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፣ ቅጠሉን ያቃጥላል። ጉንዳኑን ለመከልከል ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ በግራሶ መቀባት የተለመደ ነው፤ ወረቀት ቅርፊት ባለው ላይ ግን ጉንዳኑ በንጣፎቹ መሐል ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ጨርቁ ከሚታሰርበት ቦታ ላይ የላላውን ወረቀት አንሥተው ይሰሩት፣ በየወሩም ይፍቱት።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም፦ 4ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በጀሪካን ማሳደግ ይቻላል?

ባለ አምስት ጅማቱ ለበረንዳ አይሆንም። ድንክ የሆነ ቦትል ብረሽ አፉ 40 ሳ.ሜ. በሆነ ዕቃ ውስጥ ይኖራል፤ በየሁለት ዓመቱ አውጥተው ዳር ዳሩን ሥር 3 ሳ.ሜ. ያህል ቆርጠው አፈሩን ይለውጡ። የረጠበ ዕቃ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናልና ከግድግዳው ሥር እንጂ ከበረንዳው ጫፍ አያስቀምጡት።

ስም ያልተጻፈበት፦ ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ከዚህ ዛፍ ነው አሉ። ቅጠሉን አፍልተን ለጉንፋን ብንጠጣስ?

አይጠጣ። ቲ ትሪ ዘይት የሚገኘው ሜላሌውካ አልተርኒፎሊያ ከሚባለው ነው፤ ባለ አምስት ጅማቱ የሚሰጠው ኒያውሊ የተባለ ሌላ ዘይት ነው። ሁለቱም የሚወጡት በእንፋሎት ተጣርተው ነው፤ ቲ ትሪ ዘይት ሲዋጥ መርዝ ነው፣ ለሕፃን ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። በቤት የተፈላ ቅጠል ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካው የለም።

ከግንፍሌ አካባቢ፣ የሰፈር ማኅበር፦ በወንዙ ዳር 60 ችግኝ ለመትከል አስበናል። ውሃ የሚወድ ዛፍ ስለሆነ ሜላሌውካ መረጥን።

ምርጫችሁን እንድትለውጡ እንለምናችኋለን። በግቢ ውስጥ አንድ ዛፍ ሌላ ነገር ነው፤ በወንዝ ዳር 60 ዛፍ ሌላ። አሜሪካኖች በፍሎሪዳ ይህንኑ ዛፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለጌጥና ረግረግ ለማድረቅ ብለው አስገቡት፤ ኤቨርግሌድስ የሚባለውን ሰፊ ረግረግ ወርሮ ሣሩን አጠፋው። እስከ ዛሬ በመጋዝ፣ በመድኃኒትና በ1997 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ አምጥተው በለቀቁት ቅጠል በል ጥንዚዛ ጭምር እየታገሉት ነው። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ኩባያ ፍሬ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር ሳይከፍት ይዞ ይቆማል፤ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያራግፋል። ከዛፉ ሥር ወንዝ ካለ ደግሞ ዘሩን ውሃው ይወስደዋል። ግቢያቸው ውስጥ ያላቸው ሰዎችም ሲገርዙ ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጆንያ ሰብስበው ያስወግዱት፤ ወንዝና ቦይ ውስጥ አይጣል።

እርጥብ መሬት የሚወድ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ነጭ ለስላሳ አበባ ያለው ከፈለጋችሁ የራሳችን ዶቅማ አለ። የሜላሌውካ ቤተሰብ ነው፣ ንብ ይወደዋል፣ ፍሬው ይበላል፤ ብርድ የሚበዛበትን ቦታ ግን አይወድም። ከውሃው ጥግ አኻያ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ዶቅማ ብትተክሉ ይስማማል። የዶቅማ ዘር ሲደርቅ ይሞታልና ከተለቀመ በሁለት ሳምንት ውስጥ መዝራት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ለችግኝ ጣቢያ ንገሩ።

ከአምባሳደር አካባቢ፦ ለቧንቧ ተብሎ ከትልቁ ዛፋችን ግንድ 1 ሜትር ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በዚያ ወገን ያለው ሥር ሁሉ ተቆርጧል። «ሚዛን እንዲጠብቅ ቅርንጫፉን ግማሹን ቁረጡ» ተባልን።

ቅርንጫፉን አትቁረጡ፤ የተቆረጠውን ሥር የሚያበቅለው ምግብ ከቅጠሉ ነው የሚመጣው። የደረቀና የተሰበረ ካለ ብቻ ይነሣ። የተበጣጠሰውን ሥር በስለታም መጋዝ አስተካክላችሁ ቁረጡና ጉድጓዱ ዛሬ ነገ ሳይባል በአፈር ይሞላ፤ ክፍት በቆየ ቁጥር ሥሩ ይደርቃል። እስኪሞላ ድረስ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ከዚያ ባልተቆረጠው ወገን በሳምንት 4 ጀሪካን ውሃ፣ እስከሚቀጥለው ክረምት።

መውደቁን ለመከታተል በግንዱ ላይ ከአናት ከፍታ ቱምቢ አንጠልጥላችሁ መሬት ላይ የነካበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉ። በየሳምንቱ፣ ከከባድ ነፋስ በኋላም እዩት። ከምልክቱ ከራቀ፣ ወይም ከጉድጓዱ በተቃራኒ ያለው መሬት ከተሰነጠቀና ከተነሣ፣ ዛፉ ሥሩን እየነቀለ ነውና ቤቱ ላይ ሳይመጣ በባለሙያ ይውረድ። ለሌላ ጊዜ ቆፋሪ ከመጣ፣ ከግንዱ ውፍረት አሥር እጥፍ ርቀት ይጠይቁት፦ ግንዱ 30 ሳ.ሜ. ከሆነ 3 ሜትር።